ኢንች ተኩል

በያጁ አዛናው ቱቦውን አየና «ለምንሽ ነው?» አለኝ።
«ለመጋረጃ ነው።»
ሳቀ። «ኢንች ተኩል ብረት? ለየትኛው መስኮት ነው?
ይህን የሚያህል ዘንግ ጣራ ነው የሚሸከመው።»
ዝም አልኩ።
በየደው።

እኔ ቱቦ የማውቀው በውሃ ቢሮ ነው፣
ቆጣሪ ሳነብ ነው፣ ሂሳብ ስጽፍ ነው፣
ከአዘዞ ማራኪ በር ስቆረቁር ነው።
ሲፈነዳ አይቻለሁ፣ ሲዝግም አይቻለሁ፤
ሰው ይዞ ሲያሾር ግን
በአርባ ሦስት ዓመቴ ገና አሁን አየሁ።

ነገሩ የተነሣው ከቀኝ ትከሻዬ፣
አልነሣ ካለው።
ጎንደሬ ተብሎ ትከሻ የከዳው
ሠርግ ቤት ምን ሊሠራ? ጥግ ነው ሚቀመጠው።
ሆስፒታል ብሄድ ባንቺአምላክን አገኘኋት፤
ቀን የሰው ክንድ ማንሣት፣
ማታ ራሷን ማንሣት ሥራዋ የሆነች ልጅ ናት።
«እትዬ፣ ማክሰኞ ነይ» አለች። «ቁምጣ ያዢ።
ቆዳ ነው የሚጨብጥ፣ ጨርቅ ያንሸራትታል።
ቅባት እንዳትነኪ።»

ሳሙና በር፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
አራተኛው ደረጃው የተሸረፈ ፎቅ ላይ
አምስት ሴቶች ነን፦ አንዷ ገንዘብ ያዥ፣ አንዷ የመንታ እናት፣
አንዷ ስሟን እስካሁን ያልጠየቅናት።
የዙሩን ሁሉ ስም ባንቺአምላክ ወደኛ መልሳዋለች፤
በአንድ እጅ መሾሩን «እንዝርት» ትላለች፣
በጉልበት ቆልፎ ሽቅብ መሳብ «ሐረግ»፣
ቁልቁል መንጠልጠሉ «የሌሊት ወፍ»።
«አትቸኩሉ። መውጣትማ ዝንጀሮም ይወጣል።
ቁም ነገሩ አወራረዱ ነው፤
ጥጥ ከእጅ ሲያመልጥ አይታችኋል?
እንደዚያ።»

እኔ ጥጥ አይደለሁም።
እንደ ጤፍ ኩንታል ነበር የምወርደው።
ወር ሙሉ ብረት አቅፌ
መሬቱን በእግር ጣቴ ስፈልገው፣
ጭኔ በለዘ፣ ክንዴም በለዘ፣
ቁርጭምጭሚቴ የበሰለ ዶቅማ መሰለ።

የማኅበሩ ዕለት እጅጌዬ ሸሸብኝ።
ሴቶቹ አዩ፤ ተያዩ፤ ማንም አልጠየቀኝ።
በሦስተኛው ቀን
ሁለት ሽማግሌ ደሳለውን ጠርተው
«ሚስት ላይ እጅ ማንሣት ነውር ነው» ብለው
መከሩት።
ባሌን! ቤት የገባች ዝንብ እንኳ
መስኮት ከፍቶ የሚሸኘውን ሰው።
ሳይናደድ፣ አፍሮ መጣ፦
«ማን መታሽ?»
«ቱቦ።»
«የት?»
«ሳሙና በር።»

ማክሰኞ ከጋራዥ በቀጥታ፣ በነዘይቱ ተከትሎኝ መጣ፤
ሌሎቹ እስኪወጡ ደጅ ቆሞ ጠበቀ።

ሠርጋችን ላይ «የቤት ምሰሶ ሁኚ» ብለው መርቀውኝ ነበር።
ሆንኩ። ሃያ ዓመት ጣራውን ይዤ ኖርኩ።
ምሰሶ የደከመው ለት
ምን ተደግፎ እንደሚያርፍ ግን
ያኔ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩ።

ያን ማታ ያዝኩት። ብረቱ ይቀዘቅዛል።
አንድ፣ ጉልበት። ሁለት፣ ሆድ።
ሦስት፣ ራስ ወደ ታች፤
ጎንደር ተገለበጠች።
በመስኮቱ ግንቡ ከሰማይ ተንጠልጥሎ፣
የባጃጆች መብራት እንደ ከዋክብት ከላዬ ተርመስምሶ፣
ትከሻዬ፣ ያ ከዳተኛ፣
ያዘኝ።
ከዚያ ወረድኩ፣ ቀስ፣ ደግሞ ቀስ።
ጥጥ ልበለው? አይ።
ኩንታልም ግን አልነበረም።

ደሳለው አላጨበጨበም።
ተነሣና ቱቦውን ነቀነቀ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣
ተንበርክኮ ሥሩን በጣቱ ዳሰሰ።
«አንዱ ብሎን ላልቷል» አለ፣
መፍቻውን ከኪሱ እያወጣ።