ሥራ ላይ የዋለ

ዘጠነኛ «ሐ» ክፍል፣ አራተኛ ሰዓት፣
ጠመኔ ተቆጥቦ ከጣት ባጠረበት፣
ባንቻየሁ እጇን አወጣች ከኋላ፣
«ቲቸር፣ ይሄ ቃል ግን አልገባኝም» ብላ።
ኢንዩር።

ይህን እንዳለች፣ ከቀሃ ወዲያ ማዶ
ተኩስ ተሰማ፤ ሁለት፣ ሦስት፤ አንድ ደግሞ ዘግይቶ።
መስኮቱ ነቀነቀ።
ማንም ቀና አላለም።
አንዱ እርሳስ ቀረጸ፣ አንዷ አፏን ሸፍና አዛጋች፣
ባንቻየሁ ጣቷን ከቃሉ ሥር እንዳኖረች
መልሴን ጠበቀች።

«ለመደ ነው» አልኋት። ጻፍሁት በሰሌዳ።
ግን ለመደ ሲባል ይከተላል ለማዳ፤
ከሰው እጅ የሚጎርስ፣ ሲጠሩት የሚመጣ፣
በሩ ቢከፈትም ከግቢ የማይወጣ።
አርባ አምስቱን ልጆች ዞር ብዬ አየሁና
ቃሉን በመዳፌ ጠረግሁት እንደገና።

ደነደነ ብልስ? ለትከሻ ሙገሳ፣
ወደ ልብ ሲወርድ ግን ይሆናል ወቀሳ።
ከትከሻ እስከ ልብ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፤
ቃሉ በየት በኩል፣ መቼ እንደሚወርደው
መምህር ያውቃል ይባላል።
አላውቅም።
«ነገ እነግርሻለሁ» አልኋት። ደወሉ አዳነኝ።

ማታ መብራት ጠፋ። በሻማ ከፈትሁት
ጀርባው በፕላስተር የተያያዘውን መዝገበ ቃላት።
በደቃቅ ፊደሎች፣ ከፍቺው ግርጌ ላይ፣
ከእንግሊዝም በፊት፣ ከጥንት ፈረንሳይ
የመጣ ነው ይላል፤ ሥሩም «ሥራ» ነበር።
ሥራ ውስጥ የገባ።
ሥራ ላይ የዋለ።
ጨከነ አላለም፣ ድንጋይ ሆነ አላለ፤
ሥራ ላይ የዋለ።

አባቴ እንየው ኖራ ያቦካ ነበር፣
የነገሥታቱን ግንብ ሲጠግኑ፣ በቀን ሁለት ብር።
«የት ዋለ?» ሲሏት እናቴን፣
«ሥራ ላይ ዋለ» ነበር መልሷ፤
ሌላ ነገር አትጨምርም ከራሷ።
መዳፉ የተሰነጠቀ፣ ኖራ የበላው፣
ፍም በጣቱ ቢያነሣ የማይሰማው፤
ግን በዚያው መዳፉ ትኩሳቴን ሲለካ
አንድ ቀን አልሳተም።
ከዚያ ደንዳና ቆዳ ሥር ይሰማው ኖሯል ለካ።

«ኖራ» ይለኝ ነበር፣ «ችኮላ አይወድም።
አየር ይፈልጋል፤ ካልተነፈሰ አይጸናም።
ዛሬ የለሰንኸው ግድግዳ
ልጅህ ሲያገባም ገና እየጠጠረ ነው።»

ጸና!
ሻማው ሊያልቅ ሲል ነው ያገኘሁት ሦስተኛውን።
ልቡ ጸና ይላል መጽሐፉ ስለ ፈርዖን፤
በእምነት ጽኑ ይላል፣ በዚያው አፉ፣ እኛን።
ሕመሙ ጸናበት እንላለን ለበሽተኛ፣
ውሉ የጸና ነው ይላል ዳኛ።
የቱን ልስጣት?
እፍ አልሁና ሻማውን፣ ዓይኔን ገልጬ ተኛሁ።

ጠዋት ሦስቱንም ጻፍሁ፣ ጎን ለጎን።
«ምረጡ» ልል ዞር ስል
ነፋስ የቆርቆሮውን በር ከመቃኑ አላተመው፤
በር ብቻ ነበር፤
እኔ ግን ደነገጥሁ። እጄ ተወረወረ፣
ነጭ መስመር በሦስቱ ቃላት ላይ ተሰመረ፣
ጠመኔዬም ተሰበረ።
ልጆቹ ሳቁ። እኔም፣ እንጃ ለምን፣ ደስ አለኝ።

ባንቻየሁ ብቻ አልሳቀችም።
አንገቷን ደፍታ፣ ሁሉን በደብተሯ
ገለበጠችው፤
ያንን መስመር ጭምር።