የማን ቤት ነው?

ቡሬ፣ ከወፍጮው ጀርባ፣ በሩ ቆርቆሮ የሆነ፣
ሰሌዳው ላይ የኬልቪን ስም ብቻውን የገነነ።
ከትሪኒዳድ የመጣ ለት፣ አንድ መዶሻ ይዞ፣
የዘይት በርሜል ሲለምን፣ በሱቅ በሱቁ ተጉዞ፣
«አባ በርሜል» አልነው፤
እሱም ስሙን ወደደው።

ሰሌዳ ግን አይናገርም፣
የልየውን ጣት አያውቅም፦
ብረቱን በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ እየዳሰሰ፣
«ገና ነው፣ ጥሬ ነው» እያለ ሌሊቱን የጨረሰ።
ባንቺአምላክንም አያነሳም፦ ከአረቄዋ ትርፍ ቆንጥራ፣
መብራቱ እንዳይቆረጥብን በመቀነቷ ቋጥራ
ትመጣለች፤
«ለምኑ ነው?» ሲሏት፣ «ለጩኸት!» ብላ ትቆጣለች።
ካሊፕሶው ሲጀመር ግን ትከሻዋ ይከዳታል።

እኔ? ደረሰኝ እጽፋለሁ፣
ቁልፍ እይዛለሁ።

ትናንት አንድ የቅኔ ተማሪ፣ ከዝናብ ሊጠለል ገብቶ፣
አኩፋዳውን ታቅፎ፣ በርሜሎቹን ሰምቶ፣ ሰምቶ፣
«ይኼ ዜማ» አለን፣ «የማን ቤት ነው?»
የዋሸራ ነው? የጎንጅ ነው? ማለቱ ነው።
ልየው ወደ ሰሌዳው አየ፤ ኬልቪን ወደ ልየው።
ባንቺአምላክ፣ ከመጥረጊያዋ ቀና ብላ፦
«የወፍጮ ቤቱ ነው ልጄ፤
የሁለት ወር ኪራይ አለብን።»

ከደረሰኙ ጀርባ ጻፍኩት።