ምልክት የለም

በጥር ወር ኬሚ ላይ ፀሐይ ለይሉኝታ ብቅ ብላ ትገባለች፤
ከተማዋ በቀትር መብራት አብርታ ትውላለች።
በሬን ያንኳኳው ታርሞ ነበር፤ ጢሙን ውርጭ ነክሶት፣
የሙዝ ካርቶን ታቅፎ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎት፤
ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽን የጠገነ፣
ከአፉ የሚወጣ ቃል ከደመወዙ ይልቅ የመነመነ።
«ኮሞዶር ነው» አለኝ። «ቅዳሜ ልጄ ትመጣለች፤
ሲርፓ። እኔን በዚህ እየረታች ነው ያደገች።»

ገለጥኩት። ዳቦ የመሰለ ገላ፣ ቁልፎቹ በጣት የሟሙ፤
አንዱ ላይ የእንጆሪ ማርማላታ፣ ከነአሻራው፣ ከነቀለሙ።
ያ የድሮው ቴሌቪዥን፣ ያ ሆዳሙ፣ ከተጣለ ቆይቷል፤
የኔው ሞኒተር እንደ ጣውላ ሳስቶ ግድግዳ ተደግፏል።
አሮጌው የሚናገረው መስመር በመስመር እያንጠባጠበ፣
አዲሱ ሙሉ ገጽ ካልቀረበለት ቃል ያላነበበ።
ብንሰካቸው፣
«ምልክት የለም» አለ ሞኒተሩ፣ ጥቁር ፊቱ ላይ ጽፎ፣
ምልክቱ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ባዶ ካርቶን ታቅፎ።

አስተርጓሚ ፈለግኩ። መጀመሪያ ርካሿን፣ የዘጠኝ ዩሮዋን፣
ብርሃንና ቀለም በአንድ ሽቦ አጭቃ አስገቢዋን፤
ሰማያዊው እንደ ርካሽ ቀሚስ ነጩ ላይ ለቀቀ፣
ፊደሉ በግራ በቀኝ ተጎትቶ ከልኩ ወለቀ።
ታርሞ ራሱን ነቀነቀ፦
«ይሄ የኛ ሰማያዊ አይደለም።»

ሁለተኛዋን አመጣሁ፤ ብርሃኑን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ፣
በየራሱ ሽቦ፣ ሳይነካኩ፣ እንደ ኩርፊያ ጋብቻ።
የምስሉን ወርድ ወደ ድሮ ልኩ፣ አራት በሦስት፣ መለስኩት፤
በግራም በቀኝም የተረፈውን ለጥቁሩ ተውኩት።
መጣ።
የኛ ሰማያዊ። «ሬዲ» የምትል ቃል፣ ከሥሯም ብልጭ ድርግም ባይ፣
ምን ልታዘዝ እንደሚል ልጅ፣ ዓይን ዓይን የሚያይ።

ቅዳሜ ቤቱ ወስጄ ገጠምኩት። ሲርፓ ከሮቫኒዬሚ ደርሳለች፤
አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ጓንቷን አውልቃ መጫወቻውን ጨበጠች።
የበረዶ ዝላይ ውድድር ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ቁልቁለት።
ታርሞ ተረታ። ደግሞ ተረታ። ስድስተኛው ላይ አንገበገበው ሽንፈት፦
«ይዘገያል! ቁልፉን ስጫን ሰውየው ቆይቶ ነው የሚዘለው!»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።
እውነት ነው፣ ሳጥኗ ምስሉን ተቀብላ፣ አርማ ነው የምታቀብል፤
ትርጉም ጊዜ ይበላል። ግን ለክቼዋለሁ፦
የሰከንድ ሃምሳኛ፣ ያውም ለሁለቱም እኩል።
የታርሞ ቀኝ እጅ ብሎኑ እንደ ላላ ማሽን ይንዘፈዘፍ ነበር፤
አየሁት። ሲርፓም አየች፤ ዓይኗን በመስኮቱ ስታሻግር።

«ልክ ነህ» አልኩት። «ሳጥኗ ናት። ትዘገያለች።»
«እኔም ታውቆኛል፣ አባዬ» አለች ሲርፓ፤
«ደግሞ በረደኝ» ብላ ጓንቷን አጠለቀች፤
ቀጣዩን ዙር በዚያ ወፍራም ሱፍ ተጫወተች።

ታርሞ «አላልኩም?» ብሎ ከወንበሩ ዘሎ ቦረቀ፤
የሠላሳ ስምንት ዓመት ሽንፈቱን ሁሉ ሳጥኗ ላይ ጭኖ ሳቀ።
እሷም ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ አረንጓዴ መብራቷን አብርታ፣
ባላጠፋችው ተወቅሳ፣ ትተረጉማለች አፏን ዘግታ።