እሽሙር

የንግድ ሕጉ ስም አውጥቶ «የእሽሙር ማኅበር» ይለዋል፤
ብር ያወጣው ከጓዳ ነው፣ ስም ያወጣው ፊት ይቆማል።
ይህን የነገረኝ ጠበቃ፣ በፖስታ ቤቱ ጥላ ሥር፣
«አንተ አትታይም» አለኝ፤ ብሬስ ይታይ እንደሁ ሳይናገር።

እኔ ሾፌር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ጅቡቲ ወርጄ ወጥቻለሁ፤
ተሳቢውን ሳላስነሳ፣ ጎማ በእግሬ መትቼ እሰማለሁ።
ሙሉ ጎማ መልስ ይሰጣል፤ ጎዶሎው ምቱን ይውጣል፤
አዳማ ላይ ያልመታኸው ገላፊ ላይ ይፈነዳል።

እና ለሜሳ «ሸሪክ ሁነኝ» ሲል፣ ፍራንኮ ላለው ግሮሰሪው፣
እቁቤ በወጣ ማግሥት (ማን ነገረው? ሰይጣን ወይ ጸሐፊው)፣
«ስድስት መቶ ሺህ ብቻ» ሲል፣ «ብቻ»ን በምላሱ አቅልሎ፣
ሰባት ማታ ቀጠርኩት፤ ይጠብቅ አልኩ፣ ብሩ እኔው ዘንድ ውሎ።

ቅዳሜማ ለማንም ይሞላል፤ ቤት የሚታወቅ ማክሰኞ ነው።
ማክሰኞ ስምንት ሰው ቆጠርኩ፤ አምስቱን ለሜሳ የጋበዘው።

«ከአንድ በርሜል ዘጠና ጃምቦ» ብሎኝ ነበር፣ ያውም ምሎ፤
በክብሪት እንጨት ሰባ አንድ ቆጠርኩ።
ቀሪውስ? «አረፋ ነዋ!» አለኝ ቶሎ።
ይሁን። ግን አረፋ ቁልፍ ይዞ፣ በጓዳ በር ሲወጣ አላየሁም፤
የለሜሳን አክስት ልጅ ባጃጅ የሚጭን አረፋም አላውቅም።

ማቀዝቀዣው፣ ወንበሩ፣ ጃንጥላው፣ ቢራ ፋብሪካው ነው ባለቤቱ፤
የለሜሳ የሆነው ሳቁ ነው። ሳቅ ደግሞ አይጻፍ ከንብረቱ።
ዱቤው ያለው በተማሪ ደብተር፣ ባዮሎጂ በተጻፈበት፤
«ቀዩ፣ አራት ሺህ»፣ «ሙሽራው»፣ «ያ ሰውዬ»፤ የአባት ስም የለበት።

ሐሙስ ሄጄ የቤቱን ባለቤት፣ ወይዘሮ አመለወርቅን ጠየቅሁ፤
ውሉ ጳጉሜን ላይ ያልቃል። ከለሜሳ አልሰማሁም፤ ከእሳቸው አወቅሁ።
«ለልጄ መድኃኒት ቤት ላረገው ነው» አሉኝ፣ «መስከረም ሲጠባ»፤
እኔ ደግሞ በሐምሌ፣ ስድስት መቶ ሺህ ታቅፌ ልገባ!

ይህን ሁሉ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ጻፍኩ።
በዚያ አበቃሁ መስሎኝ ነበር።

ስንዱ ትባላለች።
አራት ጃምቦ በአንድ እጅ ይዛ፣ በጠባቡ መሐል ታልፋለች።
ሰባተኛው ማታ፣ ነፋሱ የፍራንኮን አቧራ በር በር ሲያስስ፣
ጠረጴዛዬን እየወለወለች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳትመልስ፣
«ጋሼ፣ ይሄ ቤት ሰው ቶሎ ይወዳል» አለች።
አሽሙር መሆኑ ገባኝ።
«ደሞዝሽን ይከፍልሻል?» አልኳት።
ጨርቁን ጨመቀችው።
ደግማ ጨመቀችው። ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም።
«ደሞዝ የሠራተኛ ነው» አለች።
«የልብስ ስፌት ማሽን መግዣዬን ሰጥቼው፣
‹ሸሪኬ ነሽ፣ ለሰው ግን አትንገሪ› አለኝ።
አልተናገርኩም።
ሁለት ዓመት ከሁለት ወር።»

ዝምታም ዓይነት አለው ለካ፤ ገዝቶ ዝም ያለ፣ ተሸጦ ዝም ያለ።
ሰባት ማታ በርሜል ስቆጥር፣ ያልቆጠርኩት ሰው ከፊቴ አለ።

ለሜሳ መጣ፣ ሳቁን አስቀድሞ፤ «እህሳ፣ ሸሪኬ፣ እንፈራረም?»
እግሬ ሳላዘው የባንኮኒውን እግር መታ።
ሰማሁት። ምቱን ዋጠው፤ ምንም አልመለሰም።
«መጀመሪያ የስንዱ ስም ይጻፍ» አልኩት፣ «በቀለም፣ ከነማኅተሙ፤
ከዚያ እኔን ጥራኝ።» ሳቁ እንደ ጎማ ቀስ እያለ ተነፈሰ፣ ዝም አለ እሱም፣ ከነስሙ።

ንጋት ላይ ጭነት ነበረኝ። «ሒሳብ» አልኩ፣ ልነሳ።
ሦስት ጠጥቻለሁ፤ ስንዱ ሁለት ጻፈች።
«አንዱስ?»

«አረፋ ነው» አለች።