ቃለ ጉባኤ

ሐሙስ ማታ ነበር፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
አርኔላ ወደቧ ጠቁሮ እንደ ከፋ፤
የዓሣው ጨረታ ቤት፣ ሚዛን ከነዝገቱ፣
ሰው ብቻ ሞላበት፣ ከነዝናብ ኮቱ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
የሰው ቃል ጽፌያለሁ፣ ያለጨው፣ ያለሐሜት።
ያን ምሽት ግን ብዕሬ እጄ ላይ ከበደ፤
ቃሉ እንደ እባብ ዓሣ እያሟለጨ ሄደ።

መርከቧ ጥቅምት ላይ ለሁለት ተሰብራ
ጥቁር ድፍድፍ ዘይት ትታልን አደራ፣
ድንጋዩ ጥላሸት፣ አሸዋው ሬንጅ ሆኖ፣
የዛጎሉ ሥጋ ቅርፊቱ ውስጥ ታፍኖ
ስንከርም፣

ሳቤላ ተነሣች፣ የመረብ ሰፊው ልጅ፤
ከከተማ መጣች፣ ብልቃጥ ይዛ በእጅ።
«ባክቴሪያ ነው ይህ፣» አለች በቀስታ፤
«ዘይቱን ይበላል፣ ጧት ይሁን ማታ።
የዘሩን ፊደላት እኛው ነን የጻፍነው፣
እንደ አባቴ መረብ ቋጠሮ ያበዛነው።»

ጋዜጣው ቀድሟታል፣ በትልልቁ ጽፎት፤
«ሰው ሕይወት ፈጠረ!» ከኳሱ ዜና በፊት።

ያኔ ተጀመረ።
«ሰይጣን ነው!» ያለ አለ። «ገንዘብ ነው!» ያለ አለ።
አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «ዕዳዬንስ ይበላል?» አለ።
ሳቅ ሆነ። ሳቁን በቅንፍ ከተትኩት፤
ከሳቁ ሥር ያለውን ፍርሃት ግን ተውኩት።

አባ ፊርሚኖ ቆሙ፣ ሳል እያነቃቸው፤
«ስምንተኛውን ቀን ማን ፈቀደላቸው?»

ባለመጠጥ ቤቱ ቤኒግኖ በጣቱ እየቆጠረ፦
«ባለፈው ወር በሬዲዮ፣ የአሳማ ኩላሊት ለሰው ገጠሙ አሉ፤
ባለፈው ሳምንት፣ ከብት ሳያርዱ ሥጋ በጋን አበቀሉ፤
ዛሬ ደግሞ ይኸው በብልቃጥ።
ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።»
አጨበጨቡለት። ለጉዱ ይሁን ለጅራቱ፣ አላወቅሁም።

ዳቦ ጋጋሪው ኤላዲዮ ዱቄት ያለቀቀውን ክንዱን አነሣ፦
«የእኔ እርሾ ከቅድመ አያቴ ጀምሮ በሕይወት አለ፤
አበላዋለሁ፣ ያበላኛል፤ ፓስፖርት የጠየቀው የለም።»
ሊቀመጥ ብሎ ተመለሰ፤
«ግን እሱን እኔ አልጻፍኩትም። ተገናኘን እንጂ።»
ይህን ደግፎ ይሁን ተቃውሞ፣ የቱ ዓምድ ውስጥ ላስገባው?
እስከ ዛሬ መሐል መስመሩ ላይ ነው።

ከዚያ ኦብዱሊያ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
በዛጎል ለቀማ የተቆለመመ ጣቷ፦
«ልጄ፣ ዘይቱ ሲያልቅበት ምን ይበላል?»
ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
«ይሞታል፣» አለች ሳቤላ፤ «እንዲሞት አድርገን ሠርተነዋል።»
«ያውቃል?»
«ማን?»
«እሱ ነዋ። ስትልኩት ነግራችሁታል?»

ሰው ሊስቅ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።
የኦብዱሊያን ባል፣ መርከብ ሲጠግን ኖሮ፣
አቧራው ሳንባው ውስጥ ገደለው አድሮ፤
ኩባንያው ያውቅ ነበር። የነገረው የለም።
ይህን አዳራሹ ያውቃል፤ መዝገቤ ግን አያውቅም፣
በዚያ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው አባቴ ነበርና።

ሳቤላ መልስ ፈለገች፤ ወረቀቷን ገለጠች፤
ገለጠች፣ ገለጠች፣ ከዚያ መግለጡን ተወች።
«አይሰማም፣ እማማ። ጆሮ የለውም።»
«የእኔም ሰውዬ መጨረሻ ላይ አይሰማም ነበር፣» አለች፤
«ቢሆንም እነግረው ነበር።»

እጅ ተቆጠረ፤ ስልሳ ሦስት ለስልሳ ሦስት።
ጸሐፊ ድምፅ የለውም። ዕድሜ ለሕጉ!
ለሚቀጥለው ሐሙስ ብዬ ጻፍኩ፤
ባሕሩ ግን ቀጠሮ አይሰጥም፣
ውጭ ማዕበሉ ሬንጁን አንድ ክንድ ወደ ላይ ይገፋል።

ወንበር ስሰበስብ ኦብዱሊያ አልሄደችም።
ብልቃጡን ከሳቤላ ተቀብላ፣ በሁለት እጇ፣
ዓሣው ሚዛን ላይ አኖረችው፤ ጎንበስ አለች።
አንድ ነገር ነገረችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤
ስላልሰማሁም አልጻፍኩም።
መርፌው ዜሮ ላይ ነበር።
መብራቱን ሳጠፋ እንኳ ዞር ብዬ አየሁት።