ሳያንጠባጥብ

ሮቢት ላይ ቆማለች፣ ከማሽላው ዳርቻ፣
የአንበጣ አውሮፕላን፣ ባንድ ሞተር ብቻ።
ኮፈኗን ገልብጦ፣ ጋሽ ወንድይራድ ጎንበስ፣
የውሃ ጎማዋን ያጥፋል ቀስ በቀስ፣
ጆሮውን አስጠግቶ።

ላዩማ ጥቁር ነው፣ ወዙ ያልጠፋበት፤
ውስጡ ግን ይንቋቋል፣ አምስት ዓመት ሞልቶበት።

«መቼ አንጠባጠበ?» አለ አብራሪው ቸኩሎ፣
«አንበጣው መጣኮ፣ ቆላውን አካሎ!»
«ሳያንጠባጥብ ነው፣» አለ ጋሽ ወንድይራድ፣
«ሰማይ ጥግ የለውም፣ ዳር ይዞ ለመውረድ።»

ፋሸታውን ፈታሁ፣ አሮጌው ወለቀ፤
ከነጓርኒሲዮኑ አዲሱ ጠበቀ።

ንጋት ላይ በረረች። አሮጌው ግን ቀርቶ፣
ከጋሽ ወንድይራድ ሽንኩርት ማሳ ገብቶ፣
ሁለት ቧንቧ አያይዞ ውሃ ያሳልፋል።

ያንጠባጥብ፣ ግዴለም፤
ከመሬት ወዴት ይወደቃል?