ሰማንያ ሁለት ከመቶ

መጠይቁን የከፈትሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም፣
አሞራ ገደል ላይ፣ ከዓሣው ሚዛን ግድም፤
ቴሌግራም ላይ ጻፍሁ፦ «ለሰብሳቢነት ማን ይቅደም?»
ዳንጊሶ፣ ላሊሞ፤ ሁለት ስም፣ ሁለት በር፤
ከዚህ የቀለለ ምን ጥያቄ ነበር?

ጎህ ሲቀድ ዳንጊሶ ሰማንያ ሁለት፤
ምርጫው ሳይደርስ ገና በግ ታረደለት።
እኔም በላሁ።

ቁልፉን የነካው ማን? ዱባይ ያለች አክስቱ፣
ባለ ሦስት ሲም ወንድሙ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ከነሚስቱ፣
ጀልባ ላይ ወጥቶ የማያውቅ አንድ የታቦር ተማሪ፣
በጓደኞቹ ስልክ ስድስት ጊዜ መስካሪ።

እነ ሻላሞማ ሐይቁ ላይ ናቸው ማታ፤
ስልክ ለነሱ ባትሪ ነው፣ የተቋጠረ መረብ ሲፈታ።
ማንም አልጠየቃቸው።

እኔ ሒሳብ ሹሙ፣ ቆሮሶን በግራም የምመዝነው፣
አራት መቶ አሥር ድምፅ ሳይ ደስ ያለኝ ምን ሆኜ ነው?
የማኅበሩ አባል እኮ ሰማንያ ሦስት ነው!

ቅዳሜ ደረሰ፤ ጠጠር በወተት ጣሳ፤
ሻላሞ ከነርጥብ ሱሪው ከጀልባው ተነሣ፣
ጣለ፣ ሄደ። ሌላውም እንዲሁ። ጣሳው ሲገለበጥ
ዳንጊሶ ሃያ ሦስት፣ ላሊሞ ስድሳ።

አባ ኮዳን አይተሃል? አንድ ጀልባ ሲጠጋ ሁለት መቶው ይከባል፤
በአሞራ ብዛት ዓሣ ማን ይመዝናል?
ይህን ለዳንጊሶ ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ፦
«የበጉን ዋጋስ ማን ይከፍላል?»

መጠይቁን አልዘጋሁትም፤ እንዴት እንደሚዘጋም አላውቅም።
ዛሬ ጠዋት ከፍቼ ባየው
ሰማንያ ሦስት ሞልቷል።